ቱርጁማኑ ቤት የተገጠመው በራችን

ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው የበሬን ነገር ነው። ሲከፈት ሲጥ ይላል፣ ሲዘጋም ሲጥ ይላል። «እማማ፣ ትንሽ ዘይት ጠብ ቢያደርጉበት እኮ ዝም ይላል» ይለኛል ሁሉም፣ እኔ ይህን የማላውቅ ይመስል። አንድ ቀን የልጅ ልጄ ሊያስደስተኝ ብሎ የመኪና ግራሶ በጣቱ ይዞ ወደ ማጠፊያው ሲጠጋ ደረስኩበት። ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ጮኽኩበት። ልጁም ደንግጦ «አያቴ አበደች» ብሎ ለእናቱ ነገራት። አላበድኩም። ያ በር አንድ ጊዜ ዝም ሲል የሆነውን ስለማውቅ ነው።

በሩን የሠራው የመጀመሪያ ባሌ ነው። አናጢ ነበር። ኮልፌ ያን ጊዜ የከተማው ጫፍ ነበረች፤ ዛሬ ቤቴል የምትሉት አገር የገብስ ማሳ ነበር፤ መንገዱም በበጋ አቧራ፣ በክረምት ማጥ ነበር። የባሌ ወገኖች ከጉራጌ አገር ቅቤና ቆጮ እየነገዱ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሱ ግን ንግዱን ትቶ መጋዝ ያዘ። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ ጥር ላይ ስንጋባ ቤታችን የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ነበረው፤ በሩ ግን ወፍራም የጽድ ሳንቃ ነበር። ሰው «በሩ ለቤቱ ሳይሆን ቤቱ ለበሩ ነው የተሠራው» እያለ ይስቅበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል።

በሩ አንድ ጉድለት ነበረው፤ ማጠፊያው ይጮሃል። ባሌ «ነገ ሞራ እቀባዋለሁ» ይላል፤ ነገ ሌላ ሰው ቤት ሥራ ይገኝና ይሄዳል። አናጢ የራሱን ቤት መች ጨርሶ ያውቃል! እናቱ ግን ወደዱት። አማቴን እማማ ነበር የምላቸው፤ አብረውን ነበር የሚኖሩት፤ ዓይናቸው ደከም ብሎ፣ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነበር። «ተወው ልጄ፣ መግባትህን እሰማበታለሁ» አሉት። እውነትም ማታ ማታ በሩ ሲጥ ሲል ቀና ብለው «መጣ» ይላሉ፤ እኔም ወጡን ከምድጃ አወርዳለሁ። ቤታችን ይኸው ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረንም።

ጣሊያን በገባ በዓመቱ፣ በዚያ የካቲት ከተማው ውስጥ ያ ሁሉ እሳትና ያ ሁሉ እልቂት ከወረደ በኋላ፣ ወደ ምዕራብ በሚወጣው መንገድ ላይ ኬላ ተተከለ። ከኬላው ጎን በሽቦ የታጠረ ግቢ ነበር፣ የተጠረጠረ ሁሉ እዚያ ይገባል። ባሌ ገጠር የአንድ ገበሬ ቤት ሠርቶ ሲመለስ ከረጢቱን ፈተሹት። መጥረቢያና መሮ ተገኘበት። አናጢ ነው እኮ፣ ምን ሊገኝበት ኖሯል፣ የአበባ እቅፍ? «መሣሪያ» አሉና አስገቡት። ዐቢይ ጾም ገና መያዙ ነበር።

አሁን ስለ ቱርጁማኑ ልናገር፣ ምንም እንኳ እሱን ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ቢፈላም። ቱርጁማን የምንለው ለጣሊያኖቹ የሚያስተረጉመውን ሰው ነው። ይህ የኛው ቱርጁማን ከሌላ አገር የመጣ እንዳይመስላችሁ። ቤቱ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ መሐሉ ላይ ጠባብ መንገድ ብቻ ነው። በልጅነቱ ከባሌ ጋር አፈር ፈጭቶ ያደገ፣ እናቱ ሲታመሙ የእማማን ቆጮና ጎመን የበላ ነው። ከአንድ የጣሊያን ነጋዴ ቤት ሲላላክ ቋንቋውን ለቀመ። ጣሊያን ሲገባ በአንድ ሌሊት ባርኔጣ አደረገ፤ እማማም የልጃቸው እኩያ የሆነውን ልጅ «እርስዎ» ይሉት ጀመር።

ኬላው ላይ ሁሉ ነገር በእሱ አፍ ነበር የሚያልፈው። እንጨት ጭኖ የሚገባ፣ ቅቤ ይዞ የሚመጣ፣ ለዘመድ ቀብር የሚወጣ፣ ሁሉም እሱ ፊት ይቆማል። የሚለውን ለጣሊያኑ አለቃ ይንገረው አይንገረው፣ ጣሊያኑስ ምን ይመልስ፣ እኛ በምን እናውቃለን! እሱ ግን «ካፖው እንዲህ አለ» ይላል፤ አለቃውን ማለቱ ነው። ካፖው ማር ይወዳል። ካፖው ዶሮ ይወዳል። ያ ካፖ የማይወደው ነገር አልነበረም።

እማማ የድሮ ሰው ናቸው። በአባታቸው ዘመን ሰው ጉዳይ ሲኖረው እጅ መንሻ ይዞ ይሄዳል፣ ከባለ ሥልጣኑ ደጅ ተቀምጦ ደጅ ይጠናል። ይህ እንደ ነውር አይቆጠርም፣ ክብር ነው። ባዶ እጅ መሄድ ነበር ነውሩ። እማማ አንድ የማይናወጥ እምነት ነበራቸው፦ «የተቀበለ ይፈርዳል። የማይፈርድ አይቀበልም» ይላሉ። ለካስ ይህ ሕግ የሚሠራው ሁለቱም ወገን ሲያውቀው ነው። ለማርያም ጽዋ ያስቀመጡትን ማር በእንስራ ይዘን ሄድን። ቱርጁማኑ ተቀበለን፣ «በርቱ እማማ፣ እነጋገርለታለሁ» አለ። እማማ መንገዱን ሙሉ ሲመርቁት ተመለሱ።

ስንቅ ማቀበል ተፈቅዶልን ነበር። አገልግሉን ሞልቼ ኬላው በር ላይ እሰጠዋለሁ፤ ቱርጁማኑ ይዞ ይገባና ባዶውን ያመጣልኛል። ባሌ ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው፤ ትራፊ ሳያስቀር በልቶ አያውቅም። በቤታችን ወግ ሚስት ከባል በኋላ ነው የምትበላው። የመጨረሻዋን ጉርሻ ጠቅልሎ ጥግ ላይ ያስቀምጥና «ይቺ ያንቺ ናት» ይለኛል። ታስሮም አልተዋትም። አገልግሉን ስከፍት ያቺ ጉርሻ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። እያለቀስኩም እበላታለሁ። ደረቅ ሹሮ ነበረች፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ የለም።

ከዚያ ከፋሲካ ጥቂት ቀደም ብሎ አገልግሉ ተጠርጎ መጣ። ጥጉም ተጠርጓል። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ለእማማ ነገርኳቸው። «ራብ ጠንቶበት ነው፣ አትቀየሚው። ጨምረሽ ላኪ» አሉኝ። ጨምሬ ላክሁ። እኔ ቂሏ ደግሞ ባሌን በሆዴ ተቀየምኩት፤ «ምን ቢርበው እኔን ይረሳል?» አልኩ። በሕይወቴ ሙሉ ተናድጄባቸው ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ ያ የከንቱ ከንቱ ነው።

ለፋሲካ ያሳደግነውን በግ ወሰድን። ክረምት ሲገባ ቱርጁማኑ «ብርድ ነው፣ ካፖውን በአንድ ጋቢ ብናባብለው» አለ፤ እማማ ለመገነዣዬ ብለው ሣጥን ውስጥ ያኖሩትን ጋቢ አወጡ። «እማማ፣ ይህ ሰው እየበላን ነው» አልኳቸው። እማማ ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ከሞተበት ቤት ይቀበላል? ለቅሶ ቤት ይዘው ይሄዳሉ እንጂ ከለቅሶ ቤት ማን ይወስዳል! እየተቀበለ ነው ማለት ልጄ አለ ማለት ነው» አሉ። እውነት መሰለኝ። ጎረቤቱም ሁሉ «እሱስ እውነት ነው» አለ። ማንም ሰው፣ ቱርጁማንም ቢሆን፣ ልጇ ከሞተባት እናት እጅ በግ ይጎትታል ብሎ በአገራችን ያሰበ አልነበረም። በዚያ ክረምት ያኖረን ይህ እምነት ነበር።

ያን ሰሞን የሰፈሩ ሰው መረረው። እንጨት ሻጩ ከሸክሙ እኩሌታ ይተዋል፣ ቅቤ ነጋዴው ቅቤውን ቀምሶ አያውቅም። ሽማግሌዎች አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ሰበሰቡን። ታላቁ ሽማግሌ የቆጮ ነጋዴ ነበሩ፤ ቆመው እንዲህ አሉ፦ «ሌባ ያደረግነው እኛ ነን። አንዳችን ባንሰጥ ሌላችን እንሰጣለን፣ እሱም ይህን ያውቃል። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እንቁላል የሚሰጠው ሰው እንዳይኖር። እሳት አንጫጫረው፣ ውኃ አናቀዳው፣ ቢታመም አንጠይቀው፣ ቢሞትበት አንቅበርለት። ምሉ!» ሕዝቡ ማለ። እኔም እጄን ላነሳ ስል እማማ ነጠላዬን ይዘው ጎተቱኝ።

«እኔ አልምልም» አሉ እማማ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል። «አባቴ፣ እርስዎ የሚከለክሉት ቆጮዎን ነው። እኔ ልጄ እጁ ውስጥ ነው።» ሽማግሌው መሬት መሬቱን አዩና «ይህችን ሴት ተዉአት። እሷ ስትሰጥ ብታዩ አላያችሁም» አሉ። ብዙ ጊዜ አስባለሁ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚያቆመው መሐላ ነው፣ እውነት ነው። ግን መሐላው ሁልጊዜ የሆነች እናት ጋ ሲደርስ ይሰነጠቃል። ወሳጁም የሚቆመው እዚያች ስንጥቅ ላይ ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። መስከረም ሲጠባ ቱርጁማኑ ራሱ ወደ ቤታችን መጣ። አልተቀመጠም። በሩን በመዳፉ ዳሰሰው። «ካፖው ቢሮውን እያሠራ ነው። እንዲህ ያለ ሳንቃ ይፈልጋል» አለ። ከዚያ ጨመረና «ለመስቀል ቤቱ ይገባል» አለ። ለጉራጌ ሰው ለመስቀል ቤቱ ይገባል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሰው የትም ቢሆን ለመስቀል ቤቱ ይገባል፤ ያልገባ እንደ ሞተ ነው የሚታየው። ዓይን አውጣ!

«እሱ የሠራውን በር ሰጥተን እሱን በየት ልናስገባው ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ልጅ ካለ በር ይሠራል» አሉ እማማ። «በር ግን ልጅ አይሠራም። ይንቀሉት።»

ሁለት ተሸካሚዎች ነቅለው ወሰዱት። እኔ በመቃኑ ላይ ጆንያ ሰቀልኩ። ነፋሱም ውሻውም እንዳሻው ይገባ ጀመር። የመስቀል ዋዜማ ሰሞን፣ ወደ ማታ ግድም፣ እማማ ከመደባቸው ብድግ አሉ። ፊታቸው በርቷል። «መጣ!» አሉ። እኔም ሰማሁት፤ ሲጥ። ጆንያውን ገልጬ ብወጣ መንገዱ ላይ ማንም የለም። ድምፁ የመጣው ከፊት ለፊት ነበር። ቢሮ የሚባል ነገር የለም፣ ካፖ የሚባል የለም፤ በራችንን ቱርጁማኑ ለራሱ ቤት ገጥሞታል። ተመልሼ ለእማማ ነገርኳቸው። መደባቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ግን ማታ ማታ ያ ድምፅ ሲመጣ፣ እያወቁ፣ ራሳቸው ቀና ይል ነበር። እኔም እያወቅሁ እጄ ወደ ምድጃው ይሄድ ነበር። ከፊት ለፊት በራችን ይከፈታል፣ ሌላ ሰው ይገባበታል።

መስቀል አለፈ። «ለኅዳር ሚካኤል» አለን።

ኅዳር ላይ፣ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ በሚያጨስበት ሰሞን፣ የቱርጁማኑ ሕፃን ሞተ። ገና ዳዴ የሚል ልጅ ነበር። ሚስቱ ስትጮህ ሰማን። ማንም ከቤቱ አልወጣም። በሰፈራችን ሰው ሞቶ ጩኸት ተሰምቶ ሰው ሳይወጣ ሲቀር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ደግሜም አያሳየኝ። ቱርጁማኑ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልሎ፣ ዶማ በትከሻው አድርጎ፣ ብቻውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሄድ በጆንያዬ ቀዳዳ አየሁት። እሰይ አልኩ። አዎ፣ እሰይ አልኩ፤ ምን አስዋሸኝ።

እማማ ባቄላና ስንዴ ቀቀሉ። ንፍሮ መሆኑን ሳይ ገባኝ።

«አንገቴን ቢቆርጡኝ አልሄድም» አልኩ።

«ለቅሶ ነው። እጅ መንሻ አይደለም» አሉ እማማ።

«ለእርስዎ ሁለቱ አንድ ናቸው እንዴ?»

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው የደከመ ነበር። «ልጅ የሞተበት ሰው ነው። የእኔም ልጅ እጁ ላይ ነው። የትኛው እንደሚያስኬደኝ እኔም አላውቅ። ብቻ ያዥኝ፣ ጠጠሩ ያደናቅፈኛል።»

ያዝኳቸው። መንገዱን ተሻገርን። በራችንን ገፋሁት፤ ሲጥ አለ። ባልና ሚስቱ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ አልቃሽ የለ፣ ጎረቤት የለ። ሚስትየዋ እኛን ስታይ ተነሥታ እማማ እግር ላይ ወደቀች። እማማ አነሷትና «እግዜር ያጽናችሁ» አሉ። ከዚያም ንፍሮውን በሰፌድ ዘርግተው ለእሱ አቀረቡለት።

«ይቅመሱ» አሉት።

ራሱን ነቀነቀ።

«ኧረ ይቅመሱ ጌታዬ፣ የለቅሶ ንፍሮ አይመለስም።»

«አልበላም እማማ» አለ። «የእርስዎን አልበላም።»

ይህ ሰው ማር ተቀብሏል፣ በግ ተቀብሏል፣ ጋቢ ተቀብሏል፣ ከመቃኑ በር ነቅሎ ወስዷል። እፍኝ የማይሞላ ንፍሮ ግን አልቀበልም አለ። እማማ ሰፌዱን ቀስ ብለው አስቀመጡት፣ እጃቸውን ዘርግተው በሩን ፈለጉ፣ አገኙት፣ መዳፋቸውን ሳንቃው ላይ አሳረፉ።

«መቼ ነው?» አሉ።

«አንተ ልጅ፣ መቼ ነው?» ባርኔጣ ካደረገ ወዲህ አንተ ሲሉት ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር። «ከበሩ በፊት ነው?»

ራሱን ነቀነቀ፣ አዎ።

«ከጋቢው በፊት ነው?»

አዎ።

«ከበጉስ?»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ከበጉ በፊት ነው እማማ። በጾሙ። ከሌሎቹ ጋር በካሚዮን ጭነው ወሰዷቸው። ካሚዮኑ ባዶውን ተመለሰ። ጉድጓዱን አይቻለሁ።»

እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ባሌ ሞት አልጠየቅሁም። «አገልግሉን ማን ነበር የሚበላው?» አልኩት።

«ዘበኞቹ» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ «እኔም» አለ።

ያቺ ጉርሻ የቀረችበት ዕለት ነበር የሞተው። እግዜር በአገልግል ልኮ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ግን እንጀራ ጨምሬ ላክሁ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል፤ ይህ የኛን በልቶ፣ የሟች ጓደኛውን ስንቅ በልቶ፣ ዝም አለን። «ለምን አልነገርከንም?» ስለው የመለሰው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። «እማማ ሲመርቁኝ መንገር አቃተኝ። ከዚያ በጉን ሲያመጡ ከነገርኩማ ማሩን ለምን እንደበላሁ ይጠይቁኛል አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ...» አለ። አልጨረሰውም። እኔ ልጨርስለት፦ የመጀመሪያዋን ለመደበቅ ሁለተኛዋን ወሰደ፣ ሁለተኛዋን ለመደበቅ በሩን።

እማማ እዚያው፣ በሩ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ወይኔ ልጄ!» አሉና ጮኹ። ያ ጩኸት ሰፈሩን ሁሉ ሰነጠቀው። ሰው «ምን ሆነች? ሴትዮዋን ምን አደረጋት?» እያለ ወጣ። መሐላውንም ረስቶ ግቢውን ሞላው፤ ሽማግሌው መጡ፣ እንጨት ሻጩ መጣ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረት እየመቱ ገቡ። ማንም ያላለቀሰለት ሕፃንም በባሌ ለቅሶ አብሮ ተለቀሰለት። ባሌን የቀበርኩት እንዲህ ነው፤ አስከሬን ሳይኖር፣ በገዳዮቹ አስተርጓሚ ቤት፣ በገዛ በሬ ሥር። የእሱ ሚስት አንገቴን አቅፋ ታለቅሳለች፣ እኔም አቅፌያታለሁ። ልጠላት ፈልጌ አቃተኝ።

በሳልስቱ ወጣቶቹ በሩን ነቅለው ሊመልሱልን መዶሻ ይዘው መጡ። እማማ ከለከሉ። «ተዉለት» አሉ። «ሲገባ ይስማው፣ ሲወጣም ይስማው።» ቅጣት መሆኑ ነበር። ማንን እንደቀጡ ግን በኋላ ነው የገባን፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ እኛም እንሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት አየሁ። በየመንግሥቱ ቢሮ አለ፣ በየቢሮውም አንድ ቱርጁማን አይጠፋም፤ ባርኔጣው ብቻ ይለዋወጣል። ከሁሉ የሚያናድደኝ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚሉት ተረት ነው፤ የተረተው ሰው አፉ ይቆረጥ። አንድ ጊዜ ለቤቴ ካርታ ስመላለስ አንድ ጎረምሳ ጸሐፊ «እማማ፣ ነገ ይመለሱ፣ ባዶ እጅዎን ግን አይምጡ» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። እኔም «ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አልኩት። «ጉዳዬ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል? ከሞተ ቀብሬው ልሂድ፣ በግ አታስጎትተኝ።» ሰው የሚስቅ መስሎት ዙሪያውን አየ፤ ማንም አልሳቀም። ካርታዬን ያን ዕለት አገኘሁ። ሁሌ ግን እንዲህ አይቀናም፤ አንዳንዴ ጮኼ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

ጣሊያን የወጣ ጊዜ ቱርጁማኑ ሚስቱን ይዞ ጠፋ፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ቤቱ ባዶውን ቀረ፣ በሩ ሳይዘጋ፤ ወደ ቤቴ ያስመለስኩት እማማ ካረፉ በኋላ ነው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ሲጥ ይላል። እማማ በዚያን ጊዜ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ ሐሳባቸውም መመላለስ ጀምሮ ነበር። ልጃቸው መሞቱን አንዳንድ ቀን ያውቃሉ፣ አንዳንድ ቀን አያውቁም። ማታ ነፋሱ በሩን ሲገፋው ቀና ይሉና «መጣ» ይላሉ፤ ከዚያ ጋደም ብለው ይተኛሉ። በሰላም ነበር የሚተኙት። የማልተኛው እኔ ነኝ። ጆሮዬን በነጠላ እጠቀጥቃለሁ፣ ትራሱን ራሴ ላይ እጭናለሁ፣ ያው ሲጥ ይላል። ሊያሳብደኝ ደረሰ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞራ ይዤ ሄድኩ። ባሌ «ነገ እቀባዋለሁ» እያለ የተወውን እኔ ቀባሁት። ማጠፊያውን አንድ በአንድ፣ ላዩንም ታቹንም። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። ዝም አለ። እፎይ ብዬ ተመለስኩ።

ማታ እራት አቀረብኩ። እማማ አልበሉም። ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀምጠዋል። ነፋስ ነበር፣ ዛፉ ይሰማል። ቆዩ፣ ቆዩ፣ ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙኝና፦

«ዛሬ አልገባም እንዴ?» አሉኝ።

«ይመጣል እማማ» አልኳቸው። ጋደም አላሉም። ጎህ ሲቀድም እንደተቀመጡ ነበሩ።

ጧት አመድ በእፍኜ ይዤ ወደዚያ ቤት ሄድኩ፤ ማጠፊያውን እያሸሁ ሞራውን ጠርጌ አወጣሁት።